የእናቴ መደብ እና የቱንድራ ሣር

ይህች ጽሑፍ የአንዲት ዕጣ ታሪክ ናት። ዕጣዋ የደረሰችኝ ባለፈው ዓመት፣ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ በባዮጂኦግራፊ ኮርስ ላይ ነው። መምህራችን የቴርም ፔፐር ርዕሶችን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ ኮፍያቸው ውስጥ ጨምረው በየተራ አስወጡን። ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ የባሌ ተራሮች ደረሰው። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ሳቫና ደረሳት። የእኔን ፈታ ሳደርጋት «የዋልታ ቱንድራ፦ አፈሩ ዕፅዋቱን እንዴት እንደሚቀርጽ» ትላለች።

እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። እኔ በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ዶርም ስገባ ደግሞ ልጆቹ «ጃኬት ግዛ» እያሉ ሲቀልዱብኝ አመሹ። በማግስቱ መምህራችን ቢሮ ሄጄ «ቲቸር፣ ርዕሱ ይቀየርልኝ፤ የማላውቀው አገር ነው» አልኳቸው።

«አፈር አታውቅም?» አሉኝ።

«አፈርማ...»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከእነዋሪ።»

ፈገግ ብለው «እንግዲያ በጣም ታውቀዋለህ፤ ሂድ ሥራ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሰብኝ ውርደት ባልደረሰብኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ፕሬዘንቴሽን አቀረብኩ። ከኢንተርኔት ካገኘኋቸው ሁለት ሦስት ጽሑፎች ቆንጥሬ ያዘጋጀሁት ነበር። ዋናው ሐሳቤ በአንድ መስመር ያልቃል፤ ቱንድራ ብርድ ስለሆነ ዛፍ አይበቅልበትም፣ የሚበቅለውም አጭር ነው፣ አለቀ። የሞቃታማው ወር አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደማይበልጥ፣ ዝናቡና በረዶው ተደምሮ በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ዕፅዋቱ የሚያድጉባቸው ቀናት በብዙ ቦታ ከ50 እስከ 60 ብቻ እንደሆኑ በስላይድ አሳየሁ። ፎቶም ጨምሬበታለሁ። የሰሜን አላስካ ሜዳ በሐምሌ፤ አረንጓዴ ሣር፣ በየቦታው የተኛ ውሃ።

መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው «ቆይ፣ አንድ ጥያቄ» አሉ። «250 ሚሊ ሜትር ያልከው የአዲስ አበባን ዝናብ ሩብ እንኳ አይሞላም። ይሄ የበረሃ ዝናብ ነው። ፎቶህ ግን ረግረግ ነው። ውሃው ለምን አልሄደም?»

«ብርድ ስለሆነ...»

«ብርድ ብቻ?»

ዝም አልኩ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ከላይ ከላይ ነው ያየኸው። ከሥር ጀምርና እንደገና አምጣው» ብለው ሌላ ተማሪ ጠሩ።

በዚያ ሳምንት ከላይብረሪ አልወጣሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሥር ስጀምር ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር ፐርማፍሮስት የሚባለው ነው። ፐርማፍሮስት ማለት ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ያላለፈ መሬት ነው። አብዛኛው ግን ሁለት ዓመት ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት እንደቀዘቀዘ የኖረ ነው። በሰሜን አላስካ ፕሩዶ ቤይ በሚባለው አካባቢ ወደ ታች 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ውፍረት ላይ በጋ ሲመጣ የሚቀልጠው የላይኛው ንጣፍ ብቻ ነው፤ እንደ ቦታው ከ30 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያም ትንሽ በላይ። አስቡት፤ የአንድ አገር ዕፅዋት በሙሉ ሥራቸውን የሚሰዱት፣ ውሃ የሚጠጡት፣ ምግብ የሚፈልጉት በዚህች ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ከሥሯ ያለው ወለል እንደ ሲሚንቶ ነው። በረዶ የሞላው አፈር ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ትንሿ ዝናብና የቀለጠው በረዶ ወደ ታች መስረግ አይችሉም፣ ብርዱም ቶሎ አያተናቸውም፣ ሜዳው ላይ ተኝተው ይቀራሉ። የበረሃ ዝናብ ረግረግ የሚሠራው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ምክንያቱም ይህን ነገር አውቀዋለሁ። አይቼዋለሁ፤ ረግጬዋለሁ፤ በእጄ ዝቄዋለሁ።

እነዋሪን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሰሜን ሸዋ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ የዘነበው ሁሉ ከላይ ይተኛል። ሌላ አገር ያሉ ብዙ የዋልካ ገበሬዎች ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው ዘግይተው ይዘራሉ። እኛ አገር ግን ሌላ ዘዴ አለ። ወንዶቹ በማረሻ ቦይ ካወጡ በኋላ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ከቦዩ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ወደ ላይ ይከምሩታል፤ መደብ ይሠራሉ። ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ ስንዴውና ምስሩ መደቡ ላይ ይበቅላሉ። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ከልጅነቴ ጀምሬ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ከእናቴ ጋር ሠርቼዋለሁ።

ሠርቼዋለሁ እንጂ አልኮራሁበትም። አንደኛ ዓመት ስንገባ ራሳችንን እናስተዋውቅ ሲባል «እናቴ የቤት እመቤት ናት» አልኩ። ሁለተኛ ዓመት ያለቀ ጊዜ ደግሞ ክረምቱን የኮምፒውተር ኮርስ እወስዳለሁ ብዬ እዚሁ ከተማ ቀረሁ። ኮርሱ የእውነት ነበር። ግን ኮርሱ ባይኖርም ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር። ለአዲስ ዓመት ቤት ስሄድ ከማሳችን ዝቅ ያለው ክፍል መደብ ሳይሠራለት ቀርቶ አገኘሁት። እናቴና እህቴ ብቻቸውን አልደረሱበትም። ላይኛው ስንዴ አረንጓዴ ነው፤ ታችኛው ቢጫ ሆኖ፣ አጥሮ፣ ሳስቶ ቆሟል። እናቴ ምንም አላለችኝም። ቡና አፍልታ አጠጣችኝ። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ከቢጫው ስንዴ ጋር አብሮ ይታየኛል።

እና ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁና ደወልኩላት።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መደቡን ከፍ የምታደርጊው ለምንድን ነው?»

«አሁን ይሄ ጥያቄ ነው? ደህና ነህ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ለትምህርት ነው።»

«ሥሩ ይተንፍስ ብዬ ነዋ! ውሃ ከተኛበት ይታፈናል። የታፈነ ሥር ደግሞ ምግብ ቢኖርም አይበላም።»

የአፈር ሳይንስ መጽሐፉ በአራት ገጽ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ውሃ የአፈሩን ቀዳዳዎች ሲሞላ አየር ይወጣል፤ ኦክስጅን ያጣ ሥር ጉልበት ስለማያገኝ ምግብ መሳብ ያቅተዋል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም በከፊል ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። ቢጫው ስንዴ ማለት ይኸው ነው። በእርግጥ ዋልካና ፐርማፍሮስት አንድ አይደሉም። የእኛን ወለል የዘጋው ሸክላ ነው፣ የእነሱን የዘጋው በረዶ ነው። የሥሩ ችግር ግን አንድ ነው፤ ከላይ ጭቃ፣ ከታች የማይበሳ ወለል።

ታዲያ ቱንድራ ውስጥ መደብ የሚሠራ ሰው የለም። ማን ይሠራዋል? ይህን ብዬ ስፈልግ ነው ከዚያ አገር ዕፅዋት ሁሉ አብልጬ የወደድኩትን ያገኘሁት። ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪዮፎረም ቫጂናተም ይባላል። ዘሩን የሚሸከምበት ራሱ ነጭ ጥጥ ስለሚመስል ፈረንጆቹ የጥጥ ሣር ይሉታል፤ ግን ሣር አይደለም፣ የእኛ የቄጤማና የእንግጫ ቤተሰብ ነው። ይህ ተክል የሞቱ ቅጠሎቹንና ግንዶቹን አይጥልም፤ በየዓመቱ በራሱ ላይ እየከመረ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ሰላሳ ሴንቲ ሜትር ድረስ ከፍ ሊል ይችላል፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ከፍ ስላለ በጸደይ ከአካባቢው ቀድሞ ከበረዶው ይወጣል፣ ፀሐይ ቀድማ ታሞቀዋለች፣ ዙሪያውን የተኛው ውሃም አናቱን አያገኘውም። በሌላ አነጋገር የራሱን መደብ ራሱ ይሠራል።

ሥሩ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። አብዛኞቹ የቱንድራ ቁጥቋጦዎች ሥራቸውን ሞቅ ባለው ላይኛው ንጣፍ ውስጥ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። የጥጥ ሣር ግን በየዓመቱ አዲስ ሥር ያበቅላል። በጋው እየገፋ በረዶው ወደ ታች ሲቀልጥ ሥሩ ከሚቀልጠው ድንበር እኩል እየተከተለ ይወርዳል፤ ጫፉ 0 ዲግሪ አጠገብ እንኳ ማደጉን አያቆምም። መኸር ላይ ሥሩ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይጀምራል። ውስጡ የአየር መተላለፊያ ስላለው ከቅጠሉ ኦክስጅን ወደ ታች ይወርድለታል። እናቴ «ሥሩ ይተንፍስ» ያለችውን ይህ ተክል በገዛ አካሉ ውስጥ ሠርቶታል።

ዛፍስ? «ብርድ ስለሆነ ዛፍ አይበቅልም» ያልኩት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። ክርስቲያን ኮርነርና የንስ ፓውልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በዓለም ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ዛፍ የሚያበቃበት ቦታ የአፈሩ ሙቀት በዕድገት ወቅት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ የሚሆንበት እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያ በታች ዛፉ የሠራውን ምግብ ወደ አካል መለወጥ ያቅተዋል። ወደ ዋልታው ስንሄድም ብርዱ ከሥርና ከላይ ተባብሮ ነው ዛፉን የሚያግደው። በእኛ ወንዝ ዳር ሰው የሚጠለልበት የአኻያ ዘመድ እዚያ አለ፤ የአርክቲክ አኻያ። ግን መሬት ላይ ተጣብቆ ይሳባል፤ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ከንፋሱ የሚሸሸው፣ ሙቀትም የሚያገኘው መሬቷን ታኮ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ «ብርድ ብቻ?» የሚለው ጥያቄ ገና አልለቀቀኝም። ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ሙከራ የተደረገው በሰሜን አላስካ፣ ቱሊክ ሐይቅ ዳር ባለው የምርምር ጣቢያ ነው። ተመራማሪዎቹ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው የቱንድራውን መሬት በትናንሽ ቁራጮች ከፈሉት። አንዳንዱን በፕላስቲክ ቤት ሸፍነው አሞቁት። ሌላውን እንዳለ ብርዱ ላይ ትተው በየዓመቱ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጨመሩበት። ብርድ ዋናው ጠላት ቢሆን ኖሮ የተሞቀው ቁራጭ መብለጥ ነበረበት። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዕድገቱ ይበልጥ የተለወጠው ማዳበሪያ ያገኘው ቁራጭ ነው። የቱንድራ ዕፅዋት ከበረዷቸው ይልቅ ርቧቸዋል ማለት ነው።

ለምን ይርባቸዋል? አፈሩ ባዶ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ቦታ የተከማቸ ነገር ሞልቶታል። ግን አፈሩ ቀዝቃዛና ውሃ የሞላው ስለሆነ ባክቴሪያና ፈንገስ የሞተውን ቅጠልና ሥር ቶሎ አያበሰብሱትም። ናይትሮጅኑ ብስባሹ ውስጥ እንደተቆለፈ ይቆያል። የተሞላ ጎተራ አጠገብ ተቀምጦ መራብ በሉት፤ ቁልፉ ያለው ሙቀትና አየር እጅ ነው። ዕፅዋቱም በየፊናቸው መላ ዘይደዋል። የጥጥ ሣሩ ናይትሮጅኑ ሙሉ በሙሉ እስኪፈታ አይጠብቅም፤ አሚኖ አሲድን በቀጥታ በሥሩ መምጠጥ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ብዙ ቁጥቋጦዎች ሥራቸው ላይ ፈንገስ አስጠግተው ምግብ ያስመጣሉ። እንደ ባቄላና ምስር ሁሉ ከአየር ናይትሮጅን የሚያስገኙ የጥራጥሬ ቤተሰብ ዕፅዋትም በደረቃማው ቦታ አሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ቅጠላቸውን ዓመቱን ሙሉ ይዘው ይቆያሉ፤ በችግር ያገኙትን በየዓመቱ መጣል አያዋጣቸውምና።

ረሃቡ የእውነት መሆኑን በዓይን ማየት የሚፈልግ የቀበሮ ጉድጓድ ይፈልግ። በካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ ቸርችል በሚባለው ከተማ አቅራቢያ የአርክቲክ ቀበሮ ለብዙ ዓመታት የሚመላለስበት ጉድጓድ አናት ላይ ያለው ዕፅዋት በበጋው መጨረሻ ከአካባቢው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽንቱ፣ ኩሱ፣ የበላው ወፍ ትራፊ፣ በመቆፈር የተገለበጠው አፈር። ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ሜዳ ላይ የተሰፋ አረንጓዴ እራፊ ይመስላል። በስቫልባርድ ደሴቶችም የባሕር ወፎች ከሚሰፍሩበት ገደል ሥር እንዲሁ ለምለም ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀበሮውም ጓሮ አለው! እኛስ ጋ ቢሆን ገሾውና ጎመኑ ከቤት ጀርባ፣ አመዱና ፍጉ በሚደፋበት አይደል የሚፋፋው?

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር ቦታው ትንሽ ሲለዋወጥ ዕፅዋቱ እንዴት እንደሚቀየር ነው። መሬቱ በብርድ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ይረጋል፤ በየዓመቱ እየደገመ የበረዶ ሽብልቅ ይሆንና ሜዳውን ባለ ብዙ ጎን ሣጥን አድርጎ ይከፋፍለዋል። ከአውሮፕላን ሲታይ የደረቀ የዋልካ ማሳ ስንጥቅ ይመስላል፤ ብቻ የአንዱ ሣጥን ስፋት ብዙ ሜትር ነው። ሽብልቁ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ደረቅ ስለሆነ ቁጥቋጦና ሊቸን ይበቅላል። መሐሉ ዝቅ ብሎ ውሃ ስለሚይዝ ቄጤማ መሰሎቹ ይይዙታል። የከፍታው ልዩነት የጉልበት ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። ያው መደብና ቦይ ነው!

የአፈሩ አሲድነትም እንዲሁ ድንበር ያሰምራል። በሰሜን አላስካ አየሩ አንድ ሆኖ ሳለ በአንድ በኩል አሲዳማ አፈር፣ በሌላው በኩል ንፋስ ያመጣው ካልሲየም ያለበት አቧራ የተነሰነሰበት አፈር ጎን ለጎን አለ። በአሲዳማው ላይ ድንክ በርች፣ የጥጥ ሣርና ወፍራም የሞስ ምንጣፍ አለ። አሲድ ባነሰበት ላይ ድንክ በርች የለም ለማለት ይቻላል፤ የዕፅዋቱ ዓይነት ግን ይበዛል፣ የሞሱ ምንጣፍ ስለሚሳሳም መሬቱ በበጋ ይበልጥ በጥልቀት ይቀልጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አፈሩ ዕፅዋቱን ብቻ አይደለም የሚቀርጸው፣ ዕፅዋቱም መልሶ አፈሩን ያለብሰዋል። ሞስ ማለት ለፐርማፍሮስቱ ጋቢ ነው። ጋቢው ሲወፍር በረዶው አይቀልጥም።

አሁን ይህ ሁሉ እየተናጋ ነው። አርክቲክ ከተቀረው ዓለም አማካይ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው። ተመራማሪዎች በሰሜን አላስካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን ከ50 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ከተነሱት ጋር ሲያስተያዩ ቁጥቋጦው በግልጽ እንደተስፋፋ አዩ። ቁጥቋጦ ሲበዛ የክረምቱን በረዶ አግቶ ይይዛል፤ የተከመረው በረዶ አፈሩን እንደ ብርድ ልብስ ያሞቀዋል፤ የሞቀ አፈር ምግብ ይለቃል፤ ምግቡ ሌላ ቁጥቋጦ ያበቅላል።

«ታዲያ አረንጓዴ ከሆነ ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱ ያለው እዚያው ቱሊክ ሐይቅ ማዳበሪያ በተጨመረበት ቁራጭ ላይ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ሲለካ ከመሬት በላይ በየዓመቱ የሚያድገው በእጥፍ ጨምሯል፤ ድንክ በርች ሌላውን ውጦ አካባቢውን ገዝቶታል። ግን ሲቆፍሩ ከጥልቁ አፈር የጠፋው ካርቦን ከላይ ከተጨመረው በልጦ ተገኘ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ ውጤት ነው። በፐርማፍሮስት አካባቢ አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ከ1,400 እስከ 1,600 ቢሊዮን ቶን ይገመታል፤ በከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ያህል ማለት ነው። የተቆለፈው ጎተራ ሲከፈት የሚበላው ተክሉ ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ የእኛንም ክረምት ይነካል። ከላይ ለምለም፣ ከሥር ባዶ። ከላይ ብቻ የሚያይ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ክፍል ፊት ቆሜ ተምሬዋለሁና።

ሁለተኛውን ፕሬዘንቴሽን ያቀረብኩ ቀን የመጀመሪያው ስላይዴ የቱንድራ ፎቶ አልነበረም። እህቴ በስልኳ ያነሳችው የእናቴ ፎቶ ነበር፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ እስከ ክንዷ ጭቃ። «ይቺ እናቴ ናት፤ ገበሬ ናት። ባለፈው የጠየቁኝን ጥያቄ የመለሰችው እሷ ናት» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ፐርማፍሮስቱን፣ የጥጥ ሣሩን፣ ቀበሮውን ተናገርኩ። መምህራችን ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መደቡ ስንት ሰው ይፈልጋል?» አሉ። «ካለው ሰው አንድ ከጎደለ ታችኛው ማሳ ቢጫ ይሆናል» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

ዘንድሮ ክረምት ከተማ አልቀረሁም። ሐምሌ ላይ ከእናቴና ከእህቴ ጋር ጭቃ ስዝቅ ከረምኩ። እጄ ለስልሶ ስለነበር የመጀመሪያው ሳምንት አቃጠለኝ፤ እህቴም «ዲግሪው በረደብህ እንዴ?» እያለች ስትስቅብኝ ሰነበተች። አንድ ቀን ለምሳ አረፍ ስንል ለእናቴ ስለ ጥጥ ሣሩ ነገርኳት። በበረዶ ላይ የሚበቅል የቄጤማ ዘመድ እንዳለ፣ መደቡን ራሱ ለራሱ እንደሚሠራ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር እንደሚችል። ቆሎዋን እየቆረጠመች በጥሞና ሰማችኝና፦

«እሱስ ብልህ ነው፤ ልጅ አይጠብቅም» አለች።

ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን ሸብ አደረገች። እኔም ተነሳሁ። በዚያ ቀን ታችኛውን ማሳ ጨረስነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከኮፍያ ዕጣ ስታወጡ የማታውቁት አገር ቢደርሳችሁ እንደ እኔ ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ አትከራከሩ። ከሥር ጀምሩ። ምናልባት ታውቁት ይሆናል። ቸር እንሰንብት።